ሳይጠየቁ የተመዘገቡ ልጆች
ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ወላጅ ምርጫ የቀረበ ሂስ



በእስራኤል አገር ልጅ ለትምህርት ሲደርስ ወላጁ በሚኖርበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ያስመዘግበዋል። በምዝገባው ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ልጁ በየትኛው ወገን ይማር የሚል ነው፤ በመንግሥታዊው ወይስ በመንግሥታዊ ሃይማኖታዊው? የመጀመሪያው በዕብራይስጥ «ማምላኽቲ»፣ ሁለተኛው «ማምላኽቲ ዳቲ» ይባላል። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ የሁለቱም ወጪ የሚሸፈነው ሁላችንም ከምንከፍለው ግብር ነው። ሕጉ የጥያቄውን መልስ የሚጠብቀው ከወላጅ ነው። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ቤተ እስራኤል ግን ለብዙ ዓመታት ጥያቄው አልደረሰንም። ሌሎች በእኛ ስም መልሰው፣ ልጆቻችን ተመዝግበው ቆዩን።

ይህ ጽሑፍ ያንን አሠራር ለመተቸት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ከሃይማኖት የራቀ ሰው እንዳይመስላችሁ። ፊደል የቆጠርሁት፣ ዳዊት የደገምሁት ከቄስ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነው፤ ሰንበትን እጠብቃለሁ፤ በስግድ ዕለትም እጾማለሁ። ይሁን እንጂ ታሪካችንን በሰበሰብሁ ቁጥር አንድ ነገር እየጎላ ታየኝ። ሃይማኖት የማይጠብቅ ወላጅ ልጁን እንደ ኅሊናው የማስተማር መብቱ ሲነካ፣ የእኔም የሃይማኖተኛው መብት አብሮ ይነካል። ይህን ለማስረዳት ከሕጉ አመጣጥ ልጀምር። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ ከየት መጣ

መንግሥት በተመሠረተ በዓመቱ፣ በ1949፣ የግዴታ ትምህርት ሕግ ወጣ። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች በዘርፍ የተከፋፈሉ ነበሩ፤ አጠቃላይ የሚባለው ዘርፍ፣ የሠራተኛው ዘርፍ፣ የሚዝራሒ ሃይማኖተኞች ዘርፍና የአጉዳት እስራኤል ዘርፍ። ከዘርፎቹ ጀርባ ፓርቲዎች ነበሩ። ከየመን፣ ከኢራቅ፣ ከሰሜን አፍሪካና ከሌሎች አገሮች ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲገባ፣ ፓርቲዎቹ በመጤዎች ካምፕ ባሉት ሕፃናት ላይ ይሻሙ ጀመር። የዛሬ ተማሪ የነገ መራጭ ነውና።

በካምፖቹ ውስጥ ትምህርቱን ከያዙት ሰዎች ብዙዎቹ ሃይማኖት የማይጠብቁ ነበሩ። ከየመን የመጡ ልጆች በጆሮ ግንዳቸው ላይ የሚያሳድጉት ጸጉር እየተቆረጠ፣ እንደ አባቶቻቸው እንዳይጸልዩና ኦሪት እንዳያነቡ እየተደረጉ ነው የሚል ጩኸት ተነሣ። መንግሥትም በጃንዩዋሪ 1950 በዳኛ ጋድ ፍሩምኪን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት ባቀረበው ሪፖርት የአቤቱታው ዋና ነገር እውነት መሆኑን አረጋገጠ። በፌብሩዋሪ 1951 የዳቪድ ቤን ጉሪዮን መንግሥት በክነሴት ድምፅ ተሸንፎ የወደቀውም በዚሁ በመጤ ልጆች ትምህርት ጉዳይ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ግርግር በኋላ በ1953 የመንግሥት ትምህርት ሕግ ወጣ። ሕጉ ዘርፎቹን አፈረሰና በምትካቸው ሁለት መንገድ አበጀ፤ መንግሥታዊና መንግሥታዊ ሃይማኖታዊ። አጉዳት እስራኤል የራሱን ድርጅት ይዞ ከዚህ ውጭ ቀረ። ከሁለቱ አንዱን የመምረጥ ሥልጣን ለወላጅ ተሰጠ።

አንባቢዬ ይህን ልብ ይበል። ሕጉ የተወለደው ከመጤ ሕዝብ ቁስል ነው። ሃይማኖተኛ ወላጆች ልጆቻቸውን ከሃይማኖት በሚያርቅ ትምህርት ስለ ተገደዱ፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳይገደድ ተብሎ የተጻፈ ሕግ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌላ መጤ ሕዝብ መጣ። በዚህ ጊዜ የተገፋበት አቅጣጫ ተለወጠ እንጂ፣ ወላጅ አለመጠየቁ እንደ ቀድሞው ሆነ።

እኛ ስንመጣ

ከእኛ መካከል ለትምህርት ወደ እስራኤል የመጡት የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች በ1955 እና በ1956 በራዓናና በሚገኘው በክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር ተቀመጡ። መንደሩ ሃይማኖታዊ ነበር። የተላኩት ዕብራይስጥንና የረቢዎችን ሥርዓት ተምረው፣ ተመልሰው በኢትዮጵያ መንደሮቻችን መምህራን እንዲሆኑ ነው። በጎ ሥራ ነበር፤ ከእነርሱም ለሕዝባችን የደከሙ ሰዎች ወጡ። ነገር ግን ትምህርት ከረቢዎች ሥርዓት ጋር አብሮ ታስሮ የሚሰጠን ዕቃ መሆኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይታይ ነበር።

ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 እስከ ጃንዩዋሪ 5 ቀን 1985 በተካሄደው በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን 8,000 ያህል ወገኖቻችን ገቡ። በመንገድ የሞቱብንን እያለቀስን፣ ወላጅ ከልጅ ተለያይቶ፣ ቋንቋ ሳናውቅ ነበር የደረስነው። መንግሥት ልጆቻችን ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት በመንግሥታዊ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ወሰነ። ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የተጠጉትን ደግሞ «አልያት ሃኖዓር» የሚባለው ድርጅት በአዳሪ ትምህርት ቤቶች አስገባቸው፤ ከእነዚህም የሚበዙት ሃይማኖታዊ ነበሩ። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሕዝብ ከ36 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሲገባም መንገዱ አልተለወጠም።

ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ወላጅ መምረጥ ይችላል የሚል ቃል ነበረ። በተግባር ግን በክሊታ ማእከል ያለ፣ ወረቀቱ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈበት ወላጅ ምን ብሎ ይመርጣል? ምርጫ እንዳለው የነገረውስ ማን ነው? ልጁ ጓደኛ አበጅቷል፤ መምህሩን ለምዷል። አንድ ዓመት የተባለው ሌላ ዓመት ወለደ፤ ሌላው ዓመትም ልማድ ሆነ።

ለዚህ ውሳኔ ይሰጥ የነበረው ምክንያት ሕዝቡ ሃይማኖተኛ ስለሆነ ሃይማኖታዊ ትምህርት ይስማማዋል የሚል ነው። እውነት አለበት። አብዛኞቻችን ሰንበት ጠባቂዎች ነበርን፤ ብንጠየቅም ብዙዎቻችን ያንኑ እንመርጥ ነበር። ከዚህ ምክንያት በስተጀርባ ግን ሌላ ነበረ። ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድ መሆናችንን ካረጋገጡ በኋላ እንኳ፣ ረባኑት ለጋብቻ ስንቀርብ በውኃ መጥለቅን ይጠይቀን ነበር። በ1985 መከር ወራት ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በረባኑት ሕንጻ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጡት ስለዚህ ነው። አይሁድነታችን በጥርጣሬ የሚታይ ከሆነ፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤትም ጥርጣሬውን ማጠቢያ ይሆናል ማለት ነው። ልጁ እንዲማር ብቻ ሳይሆን እንዲታረም ተላከ።

የእኛ ሃይማኖትስ?

እዚህ ላይ ለሃይማኖተኛ ወንድሞቼና እኅቶቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጆቻችን ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩት የማንን ሃይማኖት ነው?

እኛ ኦሪትን በግዕዝ ያነበብን፣ በቄሶቻችን የተመራን፣ ሚሽናና ታልሙድ ሳይደርሰን የኖርን ሕዝብ ነን። ሐኑካን በአገራችን አናውቀውም ነበር። ስግድ ግን ነበረን፤ በተራራ ላይ ወጥተን፣ ጾመን፣ ኦሪት አስነብበን፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሰገድንበት። ልጁ በሃይማኖታዊው ትምህርት ቤት ሐኑካን ተማረ፤ መልካም ነው። ስለ ስግድ ግን የሚነግረው መምህር አልነበረም። ቄሱ ያረደውን ሥጋ «ካሸር አይደለም» ብሎ ከማዕድ የተነሣ ልጅ በብዙ ቤት ታይቷል። እናቱ ለፋሲካ በንጽሕና የጋገረችውን ቂጣ ትቶ ማኅተም ያለበትን ማጻ የጠየቀም እንዲሁ። ልጁ አላጠፋም፤ የተማረውን ነው የተናገረው። በዚያ ማዕድ ላይ ግን አባት ሥልጣኑን፣ ቄስም ክብሩን አጣ። ሃይማኖተኛ ናቸው ተብሎ ወደ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት የተላከ ሕዝብ፣ የራሱን ሃይማኖት እዚያው ትምህርት ቤት ተቀማ።

ይህ ነገር ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ከ1860 ጀምሮ ሄንሪ አሮን ስተርንና ማርቲን ፍላድ የሚባሉት ሚሲዮናውያን በደምቢያና በአካባቢው በወገኖቻችን መካከል ሲሠሩ ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ ትምህርት ነበር። ፊደል የፈለገ ልጅ ፊደሉን ከጥምቀት ጋር ተጣብቆ አገኘው። ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 መጥተው ያንን ካዩ በኋላ ዕድሜያቸውን የሰጡት፣ ከታምራት አማኑኤል ጋርም በ1920ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የከፈቱት፣ ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን ሳይለቁ እንዲማሩ ነው። ኋላም ደርግ መጣና በትምህርት ቤት የማርክስን ትምህርት አስጠና፤ እግዚአብሔርን ማመንም ኋላ ቀርነት ተባለ። የእስራኤልን ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ከሚሲዮንም ሆነ ከደርግ ጋር አላመሳስልም፤ የወንድሞቻችን ቤት ነውና። ነገር ግን ትምህርትን የሚሰጥ እጅ እምነትንም አብሮ ሲያዝ ምን እንደሚሆን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ ሊኖር አይገባም ነበር።

ክነሴት ስግድን ብሔራዊ በዓል ያደረገው በ2008 ነው፤ በሙሴ ዘመቻ ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ራሳቸው ወላጅ ከሆኑ በኋላ።

የፔታሕ ቲክቫ በሮች

ፔታሕ ቲክቫ ማለት በአማርኛ የተስፋ በር ማለት ነው። በ1878 ከኢየሩሳሌም የወጡ ሃይማኖተኛ አይሁድ የመሠረቷት፣ «የሰፈራዎች እናት» የምትባል ከተማ ናት። እስካሁን ያነሣሁት አሠራር ፍሬው ምን እንደሆነ በግልጽ የታየው በዚህች ከተማ ስለሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ላስታውስ።

በ1990ዎቹ ዓመታትና በተለይም ከፌብሩዋሪ 2003 የመንግሥት ውሳኔ በኋላ የዘርዓ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ሲመጡ፣ ወደ አይሁድነት የመመለስ ሥርዓት፣ «ግዩር»፣ እንዲፈጽሙ ተደረገ። ወላጆች ልጆቻቸውን በሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ማስተማራቸው የዚሁ ሥርዓት አካል ሆኖ ይጠበቅባቸው ነበር። እንግዲህ ለእነዚህ ቤተሰቦች የ1953 ሕግ የሰጠው ምርጫ ገና ከመጀመሪያው ተዘጋ። ወደ መንግሥታዊው ልውሰድ ያለ ወላጅ የግዩሩ ነገር እንዳይበላሽበት ይፈራል።

በዚያው ጊዜ በከተማዋ ከመንግሥታዊ ሃይማኖታዊዎቹ ሌላ፣ «የታወቁ ነገር ግን ይፋ ያልሆኑ» የሚባሉ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የሚተዳደሩት በግል ድርጅት ነው፤ ከበጀታቸው የሚበዛው ግን የሚመጣው ከመንግሥት ነው። ተማሪዎቻቸውን ይመርጣሉ፤ የእኛን ልጆች ግን አይመርጡም ነበር። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በጥቂት መንግሥታዊ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ሌላው ወላጅም ልጁን ከእነዚያ እያወጣ ወሰደ።

በዲሴምበር 2007 «ላሜርሃቭ» በተባለው ትምህርት ቤት አራት የእኛ ሴት ልጆች ከሌሎች ተለይተው፣ በአንድ ክፍል፣ በአንዲት መምህርት እንደሚማሩ፣ የዕረፍት ጊዜያቸው እንኳ የተለየ መሆኑ በጋዜጣ ወጣ። በወቅቱ እንደ ተዘገበው ከትምህርት ቤቱ የተሰጠው ምክንያት ቤተሰቦቻቸው ሃይማኖትን በበቂ አይጠብቁም የሚል ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ደግመህ መዝነው። መንግሥት ቤተሰቡን «ልጅህን ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት አስገባ» ይለዋል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ «ሃይማኖትህ አይበቃም» ይለዋል። ከአንዱ በር ተከልክሎ ወደ ሌላው የተላከ ሰው፣ የተላከበትም በር ተዘጋበት።

በ2009 ነገሩ ባሰ። በኦገስት መጨረሻ፣ የትምህርት ዘመን ሊከፈት ቀናት ሲቀሩ፣ «ላሜርሃቭ»፣ «ዳዓት ሜቪኒም» እና «ዳርኬ ኖዓም» የተባሉት ሦስት ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያንን ልጆች አንቀበልም አሉ። የወላጆች ኮሚቴ አድማ እንደሚያደርግ አስታወቀ፤ የትምህርት ሚኒስትሩ ጊድዖን ሳዓርም የመንግሥቱን ገንዘብ እንደሚያቋርጡ አስጠነቀቁ። በመጨረሻ ስምምነት ተደርሶ ልጆቹ ተደለደሉ። በ2011 ደግሞ «ኔር ዔጽዮን» በተባለው መንግሥታዊ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል የእኛ ልጆች ብቻ ሆነው በመገኘታቸው ወላጆች ተነሡ፤ ትምህርት ቤቱም እንዲዘጋና ልጆቹ በከተማዋ ሌሎች ትምህርት ቤቶች እንዲከፋፈሉ ተወሰነ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ክርክሩ የተካሄደው በዘረኝነት ስም ነው። ዘረኝነትም ነበረበት፤ አልክድም። ነገር ግን ዘረኝነቱ የቆመበትን መሠረት ብዙ ሰው አላየውም። ልጆቻችን በአንድ ወገን ትምህርት ቤቶች ብቻ የታጨቁት ወላጆቻቸው ሌላውን በር እንዲያንኳኩ ስላልተፈቀደላቸው ነው። ወላጅ በነጻ መርጦ ቢሆን ኖሮ፣ ከፊሉ በዚህ ከፊሉ በዚያ ይበተን ነበር፤ የሚሻማበትም የሚሸሸውም ክምር ባልኖረ ነበር።

«ሒሎኒ» ማን ነው?

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ከእኛ ልጆች መካከል ዛሬ ሃይማኖት የማይጠብቁ ብዙዎች ናቸው። በዕብራይስጥ «ሒሎኒ» ይባላሉ። በአማርኛ ምን እንበላቸው? «ሃይማኖት የለሽ» ብንል ስድብ ይመስላል፤ በአገራችን ይህ ቃል የሚነገረው ለማይታመን ሰው ነውና። ቃሉን ማጣታችን ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። በጎንደር መንደሮቻችን ሃይማኖትና ወገን አንድ ነበሩ፤ ከሃይማኖቱ የወጣ ከወገኑም ወጣ። እዚህ ግን በሰንበት መኪና የሚነዳ ልጃችን በዮም ኪፑር ይጾማል፤ በስግድ ዕለት እናቱን ደግፎ ወደ አርሞን ሃናጺቭ ይወጣል፤ በወታደርነትም ያገለግላል። ይህ ሰው ከወገን ወጥቷል የሚል ካለ ያስረዳኝ።

ይህ ወላጅ ልጁን በመንግሥታዊው ትምህርት ቤት ሲያስገባ ምን ይፈልጋል? ብዙዎቹ ኦሪት አይነበብ አይሉም። በመንግሥታዊውም ትምህርት ቤት መጽሐፈ ኦሪት፣ ነቢያትና ሌሎቹም መጻሕፍት በትምህርትነት ይሰጣሉ። በ1994 በፕሮፌሰር ዓሊዛ ሸንሃር የሚመራው ኮሚቴም የመንግሥታዊው ትምህርት ቤት ተማሪ የአይሁድን ባህል በሰፊው፣ በጥያቄና በምርምር መንፈስ እንዲማር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የነዚህ ወላጆች ቅሬታ ሌላ ነው። ማስተማር ሌላ፣ ወደ ጸሎት መምራት ሌላ። ልጅ ስለ ጸሎት ቢማር ዕውቀት ነው፤ ወላጁ ሳያውቅ እንዲጸልይ ቢለመድ ግን በቤቱ ላይ ሌላ አባት ተሾመበት ማለት ነው። ወደ ክፍሉ የሚገቡት ሁልጊዜ የትምህርት ቤቱ መምህራን አይደሉም፤ ከውጭ የሚመጡ ማኅበራት አሉ፤ ከእነርሱም በሃይማኖታዊ ዓላማ የቆሙ ይገኛሉ። በእስራኤል ይህ ነገር «ሃዳታ» ተብሎ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በ2022 መጨረሻም በጥምር መንግሥቱ ስምምነት ከውጭ የሚመጡ ፕሮግራሞችን የሚቆጣጠረው ክፍል ለኖዓም ፓርቲ መሪ ለአቪ ማዖዝ እንዲሰጥ ሲባል፣ ከንቲባዎች፣ ርእሰ መምህራንና ወላጆች በየከተማው ተቃውመዋል።

አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን «ይህ የእነርሱ ጠብ ነው፤ እኛ ምን አገባን» ሲሉ እሰማለሁ። እኛን በጣም ያገባናል። በፈቃዳችን ያልተጠየቅን፣ ልጆቻችን ሳናውቅ የተመሩብን፣ ቄሳችን ዝቅ የተደረገብን እኛ ነበርን። የሒሎኒው አባት ዛሬ የሚለው እኛ በ1985 ልንለው ይገባን የነበረውን ነው፤ ልጄን ከማስተማርህ በፊት ጠይቀኝ።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

በመጀመሪያ የሚነሣው፣ «ሃይማኖታዊው ትምህርት ቤት ባይቀበለን ማን ይቀበለን ነበር?» የሚል ነው። ውለታው እውነት ነው። አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ወላጅ የሌለውን ልጅ አብልተዋል፣ አልብሰዋል፣ አስተምረዋል፤ ዛሬ ሐኪም፣ መኮንንና ጠበቃ የሆኑ ልጆቻችን ከእነርሱ ወጥተዋል። ውለታ ግን ዕዳ ሆኖ በልጅ ኅሊና አይከፈልም። ደግሞም ብንጠየቅ እዚያው የምንገባ ከሆነ፣ መጠየቁ ምን ያጎድል ነበር?

ሁለተኛው፣ «ሃይማኖት ባይኖር ልጆቻችን ይጠፋሉ» የሚል ነው። ልጆቻችን ሲጠፉብን በዓይናችን አይተናል፤ ከሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት የወጡም፣ ከመንግሥታዊው የወጡም ጠፍተዋል። ልጅን የሚይዘው የሚከበር አባትና የሚከበር ቄስ ነው። ሁለቱን ዝቅ ያደረገ ትምህርት፣ ስሙ ሃይማኖታዊ ቢሆንም፣ ልጁን ለመንገድ አሳልፎ ይሰጠዋል።

ሦስተኛው፣ «አይሁዳዊ መንግሥት ነው፤ ሃይማኖትና ትምህርት አይለያዩም» የሚል ነው። የ1953 ሕግ ራሱ የአይሁዳዊው መንግሥት ሕግ ነው፤ ሁለቱን መንገድ ያበጀውም እርሱ ነው። እስራኤል በ1991 ባጸደቀችው በሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ወላጅ የልጁን የሃይማኖትና የምግባር ትምህርት እንደ እምነቱ የመወሰን ነጻነቱ ይከበርለታል። ትተናት የመጣናትን ኢትዮጵያንም ለማነጻጸር እናንሣ። በ1955 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በሚያምኑበት የማሳደግ መብታቸውን ያውቃል። አፈጻጸሙ ሌላ ክርክር ነው። ነገር ግን ብዙ ሃይማኖተኛ ሕዝብ ያለበት አገር እንኳ ትምህርት ቤቱን ለማንም ሃይማኖት ላለማስረከብ በሕጉ ጽፏል።

ምን ይደረግ?

ሂስ ያለ ሐሳብ ጩኸት ነውና የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በምዝገባ ጊዜ ወላጅ የሁለቱን መንገድ ልዩነት በሚሰማው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ዛሬም ከኢትዮጵያ የሚገቡ ወገኖች አሉና፣ በአማርኛና በትግርኛ የሚያስረዳ ሰው በማዘጋጃ ቤቱ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፤ የግዩር ጉዳይና የትምህርት ቤት ጉዳይ ይለያዩ። የወላጅ አይሁድነት የሚመዘነው በልጁ የክፍል በር ላይ መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፤ የመንግሥትን ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት የቤተሰብን የእምነት ጥብቅነት እየለካ ልጅ እንዳይመልስ ይደረግ። በሁሉም ግብር የሚተዳደር ቤት ለሁሉም ክፍት ነው።

አራተኛ፤ ከውጭ የሚመጣ ማኅበር ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስተምር ለወላጆች በጽሑፍ ይገለጽ፤ ያልፈለገ ወላጅም ልጁን ያለ ቅጣት ያስቀር።

አምስተኛ፤ የቤተ እስራኤል ታሪክ፣ ስግድ፣ የቄሶቻችን ሥርዓትና በሱዳን የሞቱብን ወገኖች ታሪክ በሁለቱም ወገን ትምህርት ቤቶች፣ ከዓመት አንድ ቀን የእንጀራ ቅምሻ በላይ በሆነ መንገድ ይሰጥ።

ስድስተኛው ለእኛው ነው። ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን ስለ ሃይማኖት የማይጠብቁት ልጆቻችን መብት በአደባባይ ይናገሩ። ሒሎኒው ለራሱ ሲከራከር «ሃይማኖት ጠላ» ይባላል። ዳዊት የሚደግም ሽማግሌ ስለ እርሱ ሲከራከር ግን ማንም እንዲህ ሊለው አይችልም። እርሱም በተራው ስግድን በልጆቹ ትምህርት ቤት እንድናከብር ከእኛ ጎን ይቆማል።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። እኛ በዚህ አገር አርባ ዓመት አልፎናል፤ የእንግዳ ወርቅነትም ብረትነትም አይገባንም። የቤቱ ሰዎች ነን፤ የቤቱ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። ስለዚህ በመጪው የምዝገባ ወቅት ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ዕብራይስጥ የሚቸግረው አያትም ቢሆን ከልጁ ጋር ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሂድ። ወረቀቱ ተሞልቶ ከጠበቃችሁ ባዶውን ጠይቁ፤ መንግሥታዊም ሆነ ሃይማኖታዊ፣ መልሱን በራሳችሁ እጅ ጻፉበት።

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።